አራት ጊዜ አንድ አራተኛ

ጥቅምት ፬

ይድረስ ለሚጣዬ፣

«ደህና ነኝ» ብዬ ብጀምር እንደማታምኚኝ ስለማውቅ፣ ዛሬ ጠዋት ሁለት እንቁላል በላሁ ብዬ ልጀምር። አንዱ የራሴ ድርሻ ነው፤ ሌላው የጎረቤቴ። ጎረቤቴ የምልሽ አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ የተኛውን ሰዓት ሠሪ ነው። እንቁላል አይወድም፤ እኔም እንዲወድ አላበረታታውም።

ትምህርቱን ለምን በስልክ አታስረዳኝም ላልሽው፣ ስልኩ ያለው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ከኋላ ሰው ተሰልፎ ክፍልፋይ አይነገርም። ያን ቀን «ሦስት አራተኛን አራት ጊዜ» ስልሽ፣ ተራዋን የምትጠብቅ ሴትዮ መድኃኒት መስሏት «ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ብላ ጠየቀችኝ። ደግሞም እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በጠመኔ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ካልጻፍኩ አፌ ይተሳሰራል።

ባይኖሚያል ስሙ ነው የሚያስፈራው እንጂ የዋህ ነገር ነው። ሙከራው ስንት እንደሆነ ቀድሞ ይታወቅ፤ እያንዳንዱ ሙከራ ወይ ሆነ ወይ አልሆነም ይባል፤ ዕድሉ ለሁሉም እኩል ይሁን፤ አንዱ የሌላውን አይንካ። በቃ። ባለፈው ዓመት የፕሮባብሊቲ ፈተናሽን የወደቅሽው ሒሳቡ ከብዶሽ አይደለም፤ ጥያቄውን ሳታነቢ መልስ ስለምትጀምሪ ነው። በልጅነትሽም ጫማ ሳታደርጊ ነበር ከቤት የምትወጪው።

ስለ ሕመሜ «ሳትሸፋፍን ንገረኝ» ብለሻል። እሺ። የአጥንቴ መቅኔ ደም መሥራት ትቷል። አሁን የምኖረው በሰው ደም ነው፣ እሱም ለዘለቄታው አያዛልቅም። የሚያድነኝ ከወንድም ወይ ከእህት የሚወሰድ መቅኔ ነው፤ ያውም ከገጠመ። እማ ስትቆጣኝ «መቅኖ ቢስ» ትለኝ የነበረው ትዝ ይልሻል? እንዲህ ቃል በቃል ይደርሳል ብላ እንኳ አልነበረም።

ሐኪሙ እያንዳንዳችሁ የመግጠም ዕድላችሁ አንድ አራተኛ ነው አለኝ። እሱ ይህን ሲናገር እኔ ምን አሰብኩ መሰለሽ? ለሚጣ ጥሩ መልመጃ ይወጣዋል። ይኸውልሽ፣ አንድ ሕመምተኛ አራት እህትና ወንድም አለው፤ ቢያንስ አንዳቸው የመግጠም ዕድላቸው ስንት ነው? ሥራሽን አሳዪ፤ ወረቀቱን በእንባ አታበላሺብኝ።

እትዬ ለምርመራው ደም ሰጥታለች። ልብስ ሰፊውና ሾፌሩ ወንድሞችሽ በቅርቡ ይሰጣሉ። አንቺ እዚያው ሆነሽ ከአካባቢሽ ክሊኒክ ናሙና መላክ ትችያለሽ፤ እስከ ፈተናው ግን ከዚያ እንዳትነቃነቂ።

ወንድምሽ


ጥቅምት ፲፮

ይድረስ ለጋሼ፣

መልሴ ስለዘገየ አትቆጣኝ። ፋብሪካው አዲስ ምድጃ ለኩሶ ጠርሙሱ እንደ ጉድ ይወርድብናል። እኔ ከጀርባው መብራት ያለበት ነጭ ሰሌዳ ፊት ቁጭ ብዬ ስንጥቅና የአየር ፊኛ ስፈልግ እውላለሁ፤ ቤት ስገባ የባሌ ፊትም ጠርሙስ ይመስለኛል። ያው ቀያሹ ደግሞ ለመንገድ ሥራ ሜዳ ከወጣ ሁለት ሳምንት ስላለፈው ፊቱንም ያየሁት በሐሳብ ነው።

ጋሼ፣ ጥያቄህን ሠራሁት! ምሳ ሰዓት ላይ፣ በካርቶን ቁራጭ ላይ ነው የሠራሁት፤ ካርቶኑን ልልክልህ ነበር ፖስታ ቤት እምቢ አሉኝ። አራት ነን። እያንዳንዳችን አንድ አራተኛ። አራት ጊዜ አንድ አራተኛ፣ አንድ። አንድ ማለት ደግሞ እርግጠኛ ማለት ነው፣ አንተው ነህ ያስተማርከኝ። ስለዚህ ከአራታችን አንዳችን የግድ እንገጥማለን! ካርቶኑን ይዤ ብድግ ብዬ ጮህኩ፤ የፈረቃ ኃላፊያችን ሎተሪ የደረሰኝ መስሎት መጣ።

ለምን ቀደም ብለህ እንዲህ ቁርጥ አድርገህ አልነገርከኝም? ስንት ቀን ሆዴን ሲበላኝ ከረምኩ። እማ ምን እንደሚሰማት አስብ፤ ንገራት፣ ሚጣ በሒሳብ አረጋገጠች በላት።

ያቺው ሚጣህ


ጥቅምት ፳፱

ሚጣዬ፣

ደብዳቤሽን ከፍቼ «አንድ» የሚለውን ሳይ፣ አልዋሽሽም፣ ለትንሽ ጊዜ አመንኩሽ። አስተማሪነቴን ረስቼ ለሰዓት ሠሪው አሳየሁት፤ እሱም አምኖ እጄን ጨበጠኝ። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ስንቱን ልጅ አርሜያለሁ፣ አንዱንም ሳርም አዝኜ አላውቅም። ይኼኛውን ለማረም ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ የሻይ ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ ይዤው ተቀመጥኩ።

ስሕተትሽ እንዲህ ነው። ዕድል አይደመርም። ቢደመርማ ኖሮ አምስት ወንድም ያለው ሰው ከእርግጠኛም በላይ እርግጠኛ ሊሆን ነው። ያገኘሽው «አንድ» ቁጥሩ ልክ ነው፣ የሌላ ጥያቄ መልስ ሆኖብሽ ነው እንጂ፤ «የሚጠበቀው ስንት ነው?» ለሚለው። እንደኛ ያለ ቤተሰብ ብዙ ብትሰበስቢ፣ በአማካይ ለአንድ ሕመምተኛ አንድ ይደርሰዋል። ለአንዱ ሁለት ይገጥሙለታል፣ ለሌላው ማንም። «የሚጠበቅ» የሚለውን ቃል ማን እንዳወጣው አላውቅም፣ አልጋ ላይ ተኝቶ የሚጠብቅ ሰው አለ ብሎ እንዳላሰበ ግን ያስታውቃል።

ትክክለኛው መንገድ በጓሮ በኩል ነው። «ቢያንስ አንድ» ሲሉሽ፣ «ምንም» የሚለውን አስልተሽ ከአንድ ቀንሺ። አንዱ የማይገጥመው በሦስት አራተኛ ነው፤ አራታችሁም የማትገጥሙት ሦስት አራተኛ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ፣ ከመቶ ሠላሳ ሁለት ገደማ። ቀሪው ስድሳ ስምንት ነው። ለፈተና እንኳን ደህና ነጥብ ነበር።

«ነበር» ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ፈተና አዳራሽ ውስጥ የኅትመት ስሕተት ሲገኝ ተቆጣጣሪው ቆሞ ማስተካከያ ያነብ የለ? እኔም ላንብብልሽ። በጥያቄው ላይ አራት የሚለው ሦስት ተብሎ ይነበብ።

እትዬ አልገጠመችም። ፈተና የጣላት ይመስል ኩርፊያዋ ሌላ ነው። «አዝዬ ያሳደግኩት እኔ፣ እንዴት ነው የማልገጥመው?» ብላ የላቦራቶሪውን ሰውዬ አፋጠጠችው። ምስኪኑ ይቅርታ ጠየቃት።

ያንቺን ናሙና ከዚያው ላኪ ብዬ ጽፌልሽ ነበር፤ ስለ ካርቶን ብቻ መለስሽልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር ፲፩

ይድረስ ለጋሼ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ። ለአጉል ደስታዬ ይቅርታ፣ ለዝምታዬም ይቅርታ። የእትዬን ነገር ሳነብ እየሳቅኩ አለቀስኩ፤ የፋብሪካው ልጆች አበደች ብለዋል።

ሦስት ብዬ እንደገና ሠራሁት። ከመቶ ሃምሳ ስምንት። በጓሮ በኩል ነው የገባሁት፣ እይልኝ። ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር ልከራከርህ። እኛ ጋ ብዙ ደህና ጠርሙስ ተከታትሎ ሲወርድ የፈረቃ ኃላፊው «ስንጥቁ እየመጣ ነው፣ ዓይናችሁን ግለጡ» ይለናል፤ ደግሞ ይመጣል። እንግዲህ እትዬ ካልገጠመች የሷ ዕድል የት ሄደ? ለኛ ለቀረነው ተርፎ የለም? እኔ መቼም ሃምሳ ስምንት ነው ብዬ አልቀበልም።

ናሙናውን በተመለከተ፣ ክሊኒኩ ሩቅ ነው፣ ፈረቃዬም አልመች ብሎኝ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሆዴን እየገለበጠኝ ደከም ብሎኛል። በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ።

የሚቀጥለው ምዕራፍ አልገባኝም። ጂኦሜትሪክ የሚሉት፣ እስኪሳካ ድረስ መሞከር። መጽሐፉ ቀድሞ የወደቀው ለሚቀጥለው አይቆጠርም ይላል። ለምን አይቆጠርም? አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱም ካልሆነለት፣ ሦስተኛው ላይ ሰውየው ያው ሰው ነው? አራት ጊዜ ጽፌ ነው የሰረዝኩት፣ ስርዙን አትይብኝ።

ሚጣ


ኅዳር ፳፬

ሚጣዬ፣

ስርዙን አየሁት። ስለ ጠርሙስ የሚጠይቅ ሰው እንደዚያ አይሰርዝም። ስለ ሁለቱ ሳይቆዩልሽ ስለቀሩት ጽንሶች ከሆነ የጠየቅሽኝ፣ መጽሐፉ ስለ ሰው እንደማያወራ ልንገርሽ። የመጽሐፉ ሳንቲም ቀደም ሲል ምን እንደወደቀ አያስታውስም፤ ሰው ያስታውሳል። ለፈተናው ግን አይቆጠርም ብለሽ ጻፊ። ለራስሽ ደግሞ፣ ያለፈው ሁለቴ አለመሆኑ ሦስተኛውን አይከለክለውም ብለሽ ያዢው።

በዚያው ሚዛን የኔንም ነገር ተቀበይ። የእትዬ ዕድል የትም አልሄደም፣ ለማንም አልተረፈም። የፈረቃ ኃላፊሽ ስንጥቁ ሲመጣ ብቻ ነው ትንቢቱን የሚያስታውሰው፤ ሳይመጣ የቀረበትን ቀን ጠይቂው እስቲ። ዕድል ቂምም ውለታም የለውም። እኔ ራሴ ይህን ለስንት ተማሪ እያስተማርኩ፣ ትናንት ውጤት ሲጠራ «አሁን ደግሞ የኛ ተራ ነው» ስል ራሴን ያዝኩት።

ተራችን አልነበረም። ማስተካከያ፣ ሦስት የሚለው አንድ ተብሎ ይነበብ።

ሁለቱም በአንድ ቀን መጡ፣ ሁለቱም ባዶ። ልብስ ሰፊው ሊጠይቀኝ መጥቶ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ክንዴን ይለካ ጀመር፤ ለካና ጠቀለለው። ሾፌሩ መኪናውን አስነሥቶ ግቢው ውስጥ ሲዞር ቆየ፤ ነርሶቹ ተቆጡት።

እንግዲህ የቀረሽው አንቺ ነሽ። አንድ አራተኛ። ከዚህ በላይም ከዚህ በታችም አይደለም። ናሙናሽን ላኪልኝ። አንገቴን ደፍቼ ነው የምጠይቅሽ፤ ለምን እንደምትሸሺ ባላውቅም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ ፮

ጋሼዬ፣

ደም ሰጠሁ። ናሙናው ሐሙስ ወጥቷል።

የሸሸሁበትን ልንገርህ። ነፍሰ ጡር ነኝ። ሁለት ወር አልፎኛል። ያለፉትን ሁለቱን ገና ሳይታወቅ አውርቼ ነው የጨረስኳቸው ብዬ ስለፈራሁ፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ቀያሹም የሰማው ባለፈው ሳምንት ነው። ከሜዳ በእግሩ መጣ ማለት ይቻላል፣ ጫማው ላይ ያለው ጭቃ እስካሁን ደጃፉ ላይ አለ። ዶክተሯ ይኼኛው በደንብ ይዟል ብላኛለች።

ክሊኒክ ስሄድ ነርሷ «እርጉዝ ነሽ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ፣ እውነቱን ነገርኳት። ለምርመራ ደም መስጠቱ አይጎዳሽም አለች። ቢገጥም ግን ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ያን ሥራ አይሠሩም። ልጁ የሚወለደው በሐምሌ መግቢያ ነው፤ ከወለድኩም በኋላ ሰውነቴ እስኪመለስ መቆየት አለበት። ይህን ነግራኝ ክንዴን በጥጥ ጫን አድርጋ ያዘችው፣ እኔ ግን ስለ ክንዴ ረስቼ ነበር።

እንግዲህ ጋሼ፣ የምጸልየውን አጣሁ። ግጠም ልበል? አይግጠም ልበል? አንተ እስከ መቼ መቆየት ትችላለህ? ይህን ጥያቄ ገና መስከረም ላይም ጠይቄህ ስለ ሰዓት ሠሪው እንቁላል መለስክልኝ። ሐኪሙ ያለህን ጻፍልኝ። ሳትሸፋፍን።

ፈተናው ጥር ሁለት ነው። ፖይሰን የሚሉት ቀርቶኛል።

እህትህ


ታኅሣሥ ፳፮

ለሚጣዬ፣

እንኳን ደስ ያለሽ! ለሰዓት ሠሪው ነገርኩት፤ ሲወለድ የማይዘገይ ሰዓት በነጻ እሠራለሁ ብሏል። ቀያሹንም ሳሚልኝ፣ ጫማውን ግን ያስጠርግ።

ውጤትሽ ደርሶልኛል። ማስተካከያ፣ አንድ የሚለው ዜሮ ተብሎ ይነበብ። አልገጠምሽም። ስለዚህ የምጸልየውን አጣሁ ያልሽው ቀርቷል፤ ለልጅሽ ጸልዪ። ሐኪሙ ከዘመድ ውጪ እንፈልጋለን ብሏል፣ መፈለጉ ቀጥሏል፣ እኔም ደህና ነኝ።

ፖይሰን ለአንቺ እንደ ተፈጠረ ቁጠሪው። አንድ ጠርሙስ ላይ በአማካይ ስንት ፊኛ እንዳለ ካወቅሽ፣ አንድም የሌለበትን ጠርሙስ ዕድል ታገኛለሽ። ሁለት መልመጃ ከጀርባው ጽፌልሻለሁ። ከባድ ነገር አትሸከሚ። ፈተናው ላይ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብቢ።

ወንድምሽ


ጥር ፯

ጋሼ፣

ፈተናውን ተፈተንኩ። የመጣውን ሁሉ ሠራሁ፤ አልፌያለሁ መሰለኝ። ስሠራ ምንም አልተሰማኝም።

አንተ ዜሮ ብለህ ስትጽፍልኝ እኔ ውጤቱን ካወቅሁ አራት ቀን ሆኖኝ ነበር። ናሙናውን የወሰደችው ክሊኒክ ቅጂ ይላክለታል፤ ይህን አላሰብክም። ነርሷ ራሷ ፋብሪካ በር ድረስ መጥታ ጠራችኝ። «ገጥሟል» አለችኝ። ምንም ሳይጎድል ገጥሟል። ከዚያ ተቃቅፈን ቆምን፤ እሷም እኔም ደስ ይበለን ወይ እናልቅስ አላወቅንም።

ከዚያ ያንተ ደብዳቤ መጣ። ስሕተቴን ሁሉ በቀይ የምታሰምርብኝ ሰውዬ፣ ዜሮ ብለህ ዋሸኸኝ። ተናደድኩብህ። እንዴት ብለህ ነው ለብቻህ የምትወስነው? ለካ ልቤ ደግሞ ሌላ ነበር። እውነቱን እያወቅሁ፣ ያንተን ውሸት ሳነብ ለቅጽበት ያህል ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ። በዚህ ራሴን ጠላሁት። ልጄን ስለምፈልገው ነው ጋሼ፣ ሌላ ምን ልበልህ።

ነርሷ ልትሄድ ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ገና ነው፤ ከወሰንሽ የሚደረግ ነገር አለ» አለችኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬ እሺ ይሁን እምቢ እኔም አላውቀውም። ለቀያሹ አልነገርኩትም። አንድ ቀን ልጁን፣ አንድ ቀን አንተን እያሰብኩ ሰሌዳው ፊት እቀመጣለሁ፤ ሰሞኑን የተሰነጠቀ ጠርሙስ እያሳለፍኩ ተገሥጫለሁ።

እስከ ሐምሌ ትቆያለህ? ከሐምሌም አልፎ? ምን ላድርግ? ንገረኝ ጋሼ። የምትለኝን አደርጋለሁ።

ሚጣ


ጥር ፳፩

ሚጣዬ፣

ሐኪሙ እስከ ሐምሌ ትቆያለህ አላለኝም። አትቆይም ብሎም አልጨረሰውም፤ መስኮቱን ዘግቶ ስለ ብርዱ አወራኝ። የሚሰጠኝ ደም በፊት ያቆየኝ የነበረውን ያህል አሁን አያቆየኝም። ሳትሸፋፍን ስላልሽኝ ነው የጻፍኩልሽ።

ስለ ዜሮው ደግሞ፣ ላንቺ አስቤ የዋሸሁ መስሎሽ ከሆነ እንደዚያ ደግ ሰው አይደለሁም። ውጤቱ ሲመጣ ሰዓት ሠሪውን አቅፌ ግንባሩን ሳምኩት። የምኖር መሰለኝ። ያንቺን ደብዳቤ ከትራሴ ሥር አውጥቼ እንደገና እስካነብ ድረስ ስለ ልጅሽ ፈጽሞ ረስቼ ነበር።

ከዚያ እውነቱን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ደብዳቤ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ ጀመረና፣ ገና ወጣት ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ የሚለው ላይ ደረሰ። ቀደድኩት። ሁለተኛው ስለ እማ ጀመረ፤ እሷ ልጅ ቀብራ አትችለውም የሚለው ላይ ደረሰ። ሦስተኛው ስለ ተማሪዎቼ ነበር። በየትም ብጀምር እጄ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይወስደኛል። እውነቱን ብጽፍልሽ ኖሮ ልጅሽን እንድትተዪልኝ እለምንሽ ነበር። ዜሮ ብዬ የጻፍኩት ዜሮ ላይ የሚለመን ነገር ስለሌለ ነው።

ምን ላድርግ ብለሽ እኔን አትጠይቂኝ። የምትዪኝን አደርጋለሁ ደግሞ በጭራሽ አትበዪኝ። ለባልሽ ንገሪው፤ ከሱ ጋር ተነጋገሪ፣ እኔ የማልሰማበት ቦታ ሁናችሁ ተነጋገሩ።

መኖር እፈልጋለሁ፣ ሚጣዬ። ለማንም እንዲህ ብዬ አላውቅም። ክፍል ውስጥ ገብቼ ጠመኔ መያዝ፣ ሰነፍ ልጅ መቆጣት እፈልጋለሁ። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማስበው ሐምሌን ነው፣ ቀጥዬ የማስበው «ገና ነው» ያለችሽን ነርስ ነው፤ ይህንን ሳስብ ደግሞ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

አሁንም እየለመንኩሽ መሰለኝ። እዚህ ላይ ላቁም።

ወንድምሽ